የሸራ ጀልባ ያላችሁ፣ ባተናችሁ ከኪሱ እንዳይወጣ ምን ታደርጋላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ መልሱ ሲበዛና ሲበታተን ግን በቅደም ተከተል በራሴ አባባል ልጻፈው አልኩ፣ ምክንያቱም አዲስ ሰው ገብቶ ሲያነብ ግማሽ ላይ ወሬው ስለ ጣና ታንኳ ይሆንበትና ግራ ይገባዋል።

መነሻው ይሄ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ከ3 ዓመት በፊት ከአንድ ጡረተኛ አሮጌ 22 ጫማ የሸራ ጀልባ ገዝቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ቼሳፒክ የሚባለው የባሕር ሰላጤ ላይ እወጣለሁ። ባለፈው ጁላይ ሰላጤውን ከሚያቋርጠው ድልድይ፣ ከቤይ ብሪጅ በታች ሳለሁ ያ ከሰዓት በኋላ ድንገት የሚመጣው ነጎድጓድ ያዘኝ። ቼሳፒክን ለማታውቁት፣ ርዝመቱ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጥልቀቱ ግን በአማካይ ከ6 ሜትር ብዙም አያልፍም፣ ስለዚህ ነፋስ ሲነሳበት ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፣ ጀልባዋ እንዳልተገራች በቅሎ ነው የምትዘለው። ሸራውን ላወርድ ሞተር አስነስቼ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዞርኩ፣ ገመዱ ተወሳሰበብኝ፣ ሸራው አስር ደቂቃ ያህል እንደ እብድ ተራገበ። ከዚያ ጧ የሚል ነገር ሰማሁና ቀና ስል የላይኛው ባተን ከኪሱ ወጥቶ እንደ ጦር ሲወረወር አየሁት። ፋይበርግላስ ደሞ አይንሳፈፍም፣ ጥልቅ አለ፣ በቃ።

ባተን ምንድነው ለምትሉ የሸራው ማገር በሉት። ከሸራው የኋላ ጠርዝ ወደ ውስጥ የተሰፋ ረጅም ጠባብ ኪስ አለ፣ እዚያ የሚገባ ቀጭን ጠፍጣፋ ዘንግ ነው። የሸሚዝ ኮሌታ ውስጥ የምትሰካዋን ፕላስቲክ የምታውቁ ሰዎች ነገሩን ጨርሳችሁታል። እና የጠየቅኩት የኪሱን አፍ በምን ትዘጋላችሁ ብዬ ነው፣ በቬልክሮ፣ በሲባጎ፣ በስፌት፣ ወይስ እንደኔ ሸራ አፉ ክፍት ሆኖ የባተኑን ጫፍ የኪሱ ማዕዘን ስር በመወሸቅ? ባተኑ ጠንካራ ሸራ ለማድረግ የሚገባ ነገር ነው ብዬም ጨመርኩበት፣ ይቺን ዓረፍተ ነገር ባልጻፍኳት።

1። መጀመሪያ የመለሰው እዚሁ አናፖሊስ አካባቢ ጀልባውን የሚያቆም ሰው ነው፣ ጨዋ ሰው፣ ሰላምታው ብቻ አንድ አንቀጽ ይሆናል፣ እኔ ራሴ ባለመጎዳቴ ፈጣሪን አመስግኖ ነው የጀመረው። መልሱ ቬልክሮ ነው። አሠራሩን ቁጭ ብሎ አስረድቷል፣ ኪሱ አፍ ላይ የቬልክሮ ምላስ አለች፣ ባተኑ ገብቶ ሲያልቅ ምላሷ ጫፉን ጠቅልላ ወደ ኪሱ ውስጥ ትገባና ከሌላው ቬልክሮ ጋር ትነካከሳለች። አስቸጋሪው ነገር ቦታዋ ሳትደርስ መንገድ ላይ መጣበቋ ነው፣ ለዚህ እንደ ማስመሪያ ያለች ቀጭን ጠፍጣፋ ነገር ይዞ ይገፋታል፣ ቦታዋ ስትደርስ ማስመሪያውን መዞ በጣቱ ጫን ያደርጋታል። ቬልክሮን የፈጠረው ጆርጅ ደ ሜስትራል የሚባል ስዊዘርላንዳዊ እንደሆነና ሐሳቡ የመጣለት ውሻው ፀጉር ላይ ከተጣበቀ የእፅዋት ፍሬ እንደሆነም ነገረን፣ ፓተንቱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ1955 ነው። እኔ ሳነበው ያው የኛ ጭጎጎት ነው አልኩ፣ ስንቱ እረኛ ሱሪው ላይ ሲለቅም ኖሮ ፓተንት ሳያወጣ የቀረበት።

2። ሲያትል ያለው ሰውዬ ግን ሰላምታም የለውም። ቬልክሮ የልጅ ጫማ ላይ እንጂ ሸራ ላይ ቦታ የለውም ነው ነገሩ፣ ጨው ሲደርቅበት መንጠቆዎቹ መሀል እንደ አሸዋ ይሞላል፣ ፀሐይ ደሞ የተሰፋበትን ክር ይበላዋል፣ ምላሷ በሙሉ ጤንነቷ ከነቬልክሮዋ ተገንጥላ ትሄዳለች ይላል። እሱ የሚያስረው በሲባጎ ነው። የባተኑ ጫፍ ላይ ሁለት ቀዳዳ፣ ሸራው ላይም ትይዩ ሁለት ቀለበት፣ 2 ሚሊ ሜትር ሲባጎ በሁለቱም አሳልፎ፣ መጀመሪያ ቀኝ በግራ ላይ ከዚያ ግራ በቀኝ ላይ ይቋጥራል። ሁለቴ በአንድ በኩል የቋጠረ ሰው ግን ቋጠሮው ሸራው ሲንቀጠቀጥ ይንሸራተትበታል፣ ከዚያ ሲባጎን አይሳደብ አለ። ሆቢ 16 የሚባለው ካታማራን፣ ማለትም ባለ ሁለት ቀፎ ጀልባ ላይም ሙሉ ርዝመት ያላቸው ባተኖች የሚታሰሩት በክር ነው፣ ክሩን ሳብ ወይ ላላ በማድረግም የሸራው ሆድ ይስተካከላል። ሰውዬው ያወራው ልክ ነው፣ አወራሩ ነው እንጂ።

3። እዚህ ላይ አንድ ኢንጂነር ነኝ ያለ ገባና ስለ ሲባጎም ስለ ቬልክሮም ምንም ሳይል እኔን አረመኝ። ባተን ሸራ አያጠነክርም። ከሸራው የላይኛ ጫፍ እስከ ታችኛው የኋላ ማዕዘን ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ፣ ከዚያ መስመር ውጪ ወደ ኋላ የተረፈው ጨርቅ የሚንጠለጠልበት ነገር የለውም፣ በራሱ ቢተው ይታጠፋል፣ ይንዘፈዘፋል፣ ባተኑ የሚይዘው እሱን ትርፍ ነው አለ። ለዚህ ነው የሸራው ዕድሜም በባተኑ የሚረዝመው፣ የሚንዘፈዘፍ ጨርቅ እንደሚተጣጠፍ ሽቦ ነው፣ ይደክማል። በዚያው ላይ አንዱ ጫፉ ሳሳ ያለ ባተን ያላችሁ ሳሳ ያለውን ቀድማችሁ አስገቡ አለ፣ ሆዱ ወደ ፊት እንዲሆን መታጠፍ ያለበት ወደ ምሰሶው በኩል ነው። እኔ 3 ዓመት ሁለቱን በተቃራኒው አስገብቼ ስዞር ነበር። ይሄን እስካሁን አልተናገርኩም።

4። ሀይፋ ያለ ልጅ፣ ልጆች መርከብ የሚማሩበት ክለብ ውስጥ ያሰለጥናል። ሌዘር በምትባለው ትንሽ ጀልባ ሸራ ላይ ሦስት ባተን አለ፣ እንደኔው ኪስ አፉ ክፍት ነው፣ ልጆቹ ባተኑን ገፋ አድርገው ጫፉን ጠርዙ ስር ይወሽቁታል፣ የአስር ዓመት ልጅ በደቂቃ ይሠራዋል፣ የምታወሩት ነገር አልገባኝም አለ። አጭር ናት፣ ግን ውስጧ ያለችውን ቃል እኔም ሌላውም አላየናትም። ገፋ አድርገው ነው ያለው። ምን ላይ ነው የሚገፉት?

5። ባሕር ዳር ያደገ አንድ ቀልደኛ፣ ጣና ላይ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ሸራም የለው ባተንም የለው፣ መቅዘፊያ ዘንግህን ይዘህ ትሄዳለህ፣ የሚወረወርብህ ነገር የለም አለ። አስር ሰው ሳቀ። ከዚያ ስለ ደንገል፣ ስለ ታንኳ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ፣ ስለ ጣና ዓሣ፣ ዓሣው በምን እንደሚጠበስ ወሬው ሄደ፣ እኔ ያን ሁሉ ትቼዋለሁ። የተጠበሰው ላይ ግን እኔም ተሳትፌያለሁ።

6። አንድ አባት፣ ጋሼ ልበላቸው፣ ድሮ ባሕር ኃይል ምፅዋ የነበሩ ናቸው። በ1955 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከተቋቋመው ባሕር ኃይል፣ ኖርዌጂያኖች ካሰለጠኗቸው። ቀይ ባሕር ላይ የሚያዩት ሳምቡክ፣ የእንጨት የሸራ ጀልባው ማለት ነው፣ ሁሉ ባለ ሦስት ማዕዘን ትልቅ ሸራ እንደነበረውና አንድም ባተን እንዳልነበረው ጻፉ። 3ኛውን መልስ በደንብ አንብበውታል፣ የሳምቡክ ሸራ ከመስመሩ ውጪ የተረፈ ጨርቅ የለውም፣ ትርፍ ከሌለ ደግሞ ማገር አያስፈልግም ብለው ነው ያያዙት። በተቃራኒው ቻይኖች ጥንትም ሸራቸውን ከዳር እስከ ዳር በቀርከሃ ነው የሚያቆሙት፣ ቀርከሃው ኪስ ውስጥ የሚገባ ሳይሆን ጨርቁ ላይ የሚታሰር ነው፣ ሸራውን መቀነስ ሲፈልጉ እንደ መጋረጃ ያጥፉታል። ከዚህ ውይይት ውስጥ ደስ ብሎኝ ያነበብኩት ይሄን ነው። መጨረሻ ላይ ስለ ባሕር በር አንድ ዓረፍተ ነገር ባያክሉ ኖሮ።

7። አከሉ እና ተጀመረ። 7ኛው እስከ 9ኛው ያለው ምን እንደሆነ ትገምታላችሁ።

10። ሲያትሉ ተመልሶ መጣና ወደብ የምትፈልጉ ሌላ ቦታ ክፈቱ፣ ሰውዬው የጠፋበት ባተን ነው አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኩት። ጋሼንም በአክብሮት ይቅርታ ጠየቀ፣ እሳቸውም ልክ ነህ ልጄ ብለው ተዉት።

11። ጎተንበርግ ያለች እህታችን የኛን ሁሉ ጭቅጭቅ በትዕግሥት አንብባ ነው የገባችው። የሷ ባተን ከኋላ ጠርዝ እስከ ምሰሶው ድረስ ይሄዳል፣ ሙሉ ርዝመት ነው። በዚያኛው የሚያዘው አፉ ላይ አይደለም፣ ምሰሶው ጋ የፕላስቲክ ሳጥን አለ፣ የባተኑ ጫፍ እዚያ ይቀመጣል፣ ሳጥኑ ውስጥ ብሎን አለ፣ ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ይዘሽ ስታጠብቂው ባተኑ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ኪሱ ላይ ያሉት ቁመታም ሽብሽቦች ጠፍተው ልስልስ ሲል ታቆሚያለሽ። ከዚያ በላይ ካጠበቅሽው ባተኑ በአንድ በኩል ተለጥጦ ይደርቃል፣ አቅጣጫ ስትቀይሪ ወደ ሌላው ጎን አልዞርም ይልሻል፣ ቀላል ነፋስ ከሆነ ቡሙን፣ የሸራውን ታች የሚይዘውን አግድም ግንድ፣ በእጅሽ ትመቺዋለሽ። ክረምት ሲገባ ሁሉንም አላልታ ነው የምታስቀምጠው። ብሎኑን ስንት ዙር እንዳዞረች ወረቀት ላይ ትጽፋለች፣ ስዊድን ብዙ የኖረ ሰው ነገር።

12። ዱባይ ያለው ወንድማችን ንፋሱን ሳይሆን ሙቀቱን ነው የፈራው። በበጋ ሸራውን ቡሙ ላይ አጥፎ ይተዋል፣ ይሸፍነዋል፣ ግን ሽፋኑ ስር ያለው ሙቀት ጎማ ያለበትን ነገር ሁሉ ሁለት በጋ ሳይሞላው ይገድለዋል፣ ላስቲክ፣ ሙጫ፣ ምናምን። ላስቲክ ብሎ ነበር። እኔ ግን ዱባይ የዱባይ ነው ብዬ አለፍኩት።

13። ቬልክሮና ሲባጎ እንደገና ተያያዙ። የአናፖሊሱ ሰው ጨዋነቱ አለቀ፣ ሲባጎ ማሰር ማለት ጀልባዋ እየተናወጠች ቡሙ ላይ ተንጠላጥሎ ቋጠሮ መፍታት ማለት እንደሆነ፣ ባተን የተሰበረ ቀን ሲያትል ሆነህ እንደማትፎክር ነገረው። ያኛው ደግሞ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) ላይ ታስሮ የሚውል ጀልባ ቬልክሮም ይበዛበታል፣ ሙጫ ይበቃዋል አለ። አንዳንዱን አልጽፈውም። ለፍርድ ያህል የኔን አስተያየት ልስጥ፣ በየሳምንቱ ሸራውን አውልቆ የሚያስገባ ሰው ቬልክሮ ይሻለዋል፣ ዓመቱን ሙሉ ሳይነካው የሚተው ሰው ሲባጎ፣ ሁለቱም ደሞ ይሄን ያውቁታል።

14። ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ የሐበሻ ቀሚስ የሚሰፉ እናት ገቡ። ባህር ላይ ወጥተው አያውቁም፣ ዋና አልችልም ነው የሚሉት፣ ልጃቸው ናት ውይይቱን ያሳየቻቸው። በቀጥታ የጠየቁን ነገር ኪሱን ለምን አትሰፉትም የሚል ነው። አፉን አራት ጊዜ በእጅ ወጋ ወጋ አድርጎ መዝጋት ነው፣ ባተኑ ሲሰበር በምላጭ ክሩን ቆርጦ ማውጣት ነው፣ ወንዶች ሰብሰብ ብላችሁ ስለ አንድ ኪስ አስራ ሦስት ጊዜ ጻፋችሁ አሉ። ዝም አልን። ሲያትሉ እንኳን ዝም አለ። ቀስ ብሎ ጎተንበርጓ፣ ውቅያኖስ የሚያቋርጡ ሰዎችም በእርግጥ ሰፍተው እንደሚዘጉት ጻፈች። እትዬ ቀጠሉና ስለ ክሩ ጠየቁ። ተራ ክር ፀሐይ ላይ ይበላሻል፣ የናንተ ሸራ ጨርቁ ሳያልቅ ስፌቱ ነው ቀድሞ የሚያልቀው መሆን አለበት አሉ። ሸራ ሰፊ ሳይሆኑ በልምድ ነው ያወቁት፣ ፍጹም ልክ ናቸው፣ ፖሊስተር ክር ላይ ፀሐይ የምትሠራው ይሄን ነው፣ ለዚህም ነው አንዳንዱ ሸራ ሰፊ ተናራ የሚባለውን ውድ ክር የሚጠቀመው። ሰም የተቀባ ክር፣ ወፍራም መርፌ፣ ጨርቁ ድርብ ከሆነ ደሞ አስቀድሞ በወስፌ መብሳት፣ መዳፍ ላይ ቆዳ ማድረግ። ይሄን ሁሉ በድምፅ ቀድተው ነው የላኩት፣ ልጃቸው ናት የጻፈችልን።

15። የሀይፋው ልጅ ተመለሰ። አንድ ጥያቄ ብቻ። የላይኛው ኪስህ ውስጥ፣ ከአፉ ሳይሆን ከዳር፣ ወደ ምሰሶው በኩል ባለው መጨረሻ፣ ላስቲኩ አለ ወይ?

እኔ ላስቲክ እንዳለው አላውቅም ነበር። ጀልባዋን የሸጠልኝ ሰው አልነገረኝም፣ እኔም ኪስ ኪስ ነው ብዬ ነበር። ያን ቅዳሜ ሸራውን ወደ ቤት ይዤ መጥቼ ሳሎን ዘረጋሁት፣ ሶፋው ወደ ኩሽና ሄደ፣ ባለቤቴ ምን እንዳለች አልጽፍም። አዲስ የፋይበርግላስ ዘንግ ገዝቼ ነበር፣ የሚቆረጥበትን ቦታ በቴፕ ጠቅልዬ በብረት መጋዝ ቆርጬ ጫፉን በአሸዋ ወረቀት ሞርጄ ክብ አድርጌዋለሁ፣ ጓንት ሳላደርግ ግን ነው የጀመርኩት፣ ስንጥሩ ሦስት ቀን መዳፌ ውስጥ ነበር፣ አይታይም፣ ውሃ ሲነካው ብቻ ነው የሚያስታውሳችሁ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ኪስ ውስጥ ያሉትን ባተኖች አንድ በአንድ በአውራ ጣቴ ወደ ውስጥ ገፋኋቸው። ሦስቱም መልሰው ገፉኝ፣ ጣቴን ሳነሳ ተመልሰው ማዕዘናቸው ስር ገቡ። የላይኛው ኪስ ውስጥ አዲሱን ከትቼ ገፋሁት፣ ሁለት ጣት ያህል ገባ፣ እዚያው ቀረ። አልተመለሰም። ስፌቱን ፈትቼ ሳየው ላስቲኩ እንደ ደረቀ ጠፍር ሆኗል፣ ስስበው ተሰባብሮ ነጭ ዱቄት ጣቴ ላይ ቀረ።

እና ነገሩ እንዲህ ነው። አፉ ክፍት የሆነው ኪስ ባተኑን የሚይዘው አፉ አይደለም። ከውስጥ ያለው ላስቲክ ባተኑን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ጅራቱ ማዕዘኑ ስር ተወጥሮ ይቀመጣል። ላስቲኩ ሲሞት ባተኑ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ጅራቱ ከማዕዘኑ ይላቀቃል፣ ሸራው አስር ደቂቃ ሲራገብ ደግሞ ወደ ላይ ተንሸራቶ ክፍቱን አፍ ያገኘዋል። ላይኛው ደሞ ከሁሉም በላይ የሚወናጨፈው እሱ ነው። እኛ ሁለት ሳምንት ስለ በር ቁልፍ ስንጨቃጨቅ የተሰበረው የጓዳው ግድግዳ ነበር።

16። ይሄን ስለጥፍ ኢንጂነሩ መጣና ባተኑን ከኪሱ አሳጥረህ የቆረጥከው እንደሆነስ፣ ላስቲኩ አዲስ ቢሆንም ካልደረሰበት አይገፋውም አለ። ልክ ነው። ለክቼዋለሁ፣ ከኪሱ ሙሉ ርዝመት በአንድ ጣት ነው የሚያንሰው፣ ላስቲኩ የሚለጠጥበት ያህል። ምን ያህል ማነስ እንዳለበት ላይ እሱና ጎተንበርጓ አራት መልስ ተጻጻፉ፣ እሷ ስለ ሙሉ ባተን ነበር የምታወራው፣ እሱ ስለ አጭሩ፣ መጨረሻ ላይ ገባቸው።

17። አናፖሊስና ሲያትል ሁለቱም መጥተው መጀመሪያውኑ እኛ እንዳልነው ብታደርግ ላስቲክ ቢሞትም ባተንህ አይወጣም ነበር አሉ። በታሪካቸው የተስማሙበት ብቸኛ ነገር ይሄ ይመስለኛል። እውነትም ነው ደሞ።

18። አንድ ሸራ ሰፊ ቤት ደውዬ ላስቲኩን ቀይሩልኝ ብል ከተራው የተነሳ እስከ ፀደይ ጠብቅ ተባልኩ፣ ዋጋውም ለአንድ ካሬ ጨርቅና ለአንድ ቁራጭ ላስቲክ የሚባል አልነበረም። ስለዚህ እትዬን በግል መልእክት ጠየቅኳቸው፣ እርስዎ ያሉትን ላድርግ ብል ምን መርፌ ልያዝ አልኳቸው፣ ቁጥሩን ላኩልኝ። ሰፊ ላስቲክ ገዝቼ በድርብ አጥፌ የኪሱ ዳር ላይ ሰፋሁት፣ ባተኑ የሚነካበት ቦታ ላይ ከአሮጌ ቀበቶ የቆረጥኩት ቆዳ ጨመርኩበት፣ ምክንያቱም ጫፉ እዚያ እየፈተገ ጨርቁን የሚበሳበት ጊዜ አለ። ለማንኛውም ብዬ ደሞ የአፉን ግማሽ በአራት ስፌት ዘጋሁት። አሁን ስገፋው ይመልሰዋል፣ እንደ ሌሎቹ። ሳሎን ውስጥ ብቻዬን ስንት ጊዜ እንደገፋሁት አትጠይቁኝ።

ፎቶውን ለጠፍኩ። ጋሼ ጎሽ አሉ። የሀይፋው ልጅ አውራ ጣት። ሲያትሉ ሲባጎ ይሻል ነበር። ባሕር ዳሩ ጀልባዋ ለሠርግ ፎቶ ትከራያለች ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ሦስት ሰው ደግሞ ዋጋ ጠየቀኝ። እትዬ ግን ፎቶውን አጉልተው አይተውት ስፌቶቹ እኩል አይደሉም፣ ሦስተኛው ጠማማ ነው፣ ፍታውና እንደገና ስፋው አሉኝ።